ወንዶቹ እስኪመለሱ ድረስ

  የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና ካለ እየጠጣችሁ አንብቡት።

ስለ አንድ የኮሜዲ ፊልም ነው የማወራችሁ። ግን ፊልም ልተች አይደለም፤ ያ የኔ ሙያ አይደለም። የማወራው ታሪክ ነው። ፊልሙ «ኤ ሊግ ኦፍ ዜር ኦውን» ይባላል፤ በኛ ቋንቋ «የራሳቸው ሊግ» እንደማለት ነው። በ1992 የወጣ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ)። ዳይሬክት ያደረገችው ፔኒ ማርሻል ናት። ጂና ዴቪስ፣ ሎሪ ፔቲ፣ ቶም ሃንክስ፣ ሮዚ ኦዶኔልና ማዶና ይተውኑበታል። አዎ፣ ዘፋኟ ማዶና!

ፊልሙ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደሞዝ እየተከፈላቸው ቤዝቦል ስለሚጫወቱ ሴቶች ነው። ብዙ ሰው አይቶ፣ ስቆ፣ «ጥሩ ፈጠራ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ገጸ ባሕርያቱ ፈጠራ ናቸው፤ ሊጉ ግን ፈጠራ አይደለም። በእውነት ነበረ። ከ1943 እስከ 1954 ለ12 የውድድር ዘመን ተካሂዷል፤ ከ600 በላይ ሴቶች ተጫውተውበታል። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከነመኖሩም ተረሳ ማለት ይቻላል።

እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ትኬት ቆርጦ ያየው ነገር እንዴት ይረሳል? ደግሞስ ከመረሳት ያወጣቸው ይሄ ፊልም ራሱ ማንን በር ላይ ትቶ ነው የገባው?

በቅድሚያ ጨዋታውን እንረዳ

ቤዝቦልን ለማታውቁት በጣም አሳጥሬ ልንገራችሁ። የአንዱ ቡድን ተጫዋች ኳስ ይወረውራል፣ የሌላው ቡድን ተጫዋች በዱላ ይመታል። መትቶ ይሮጣል። ሜዳው ላይ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ማረፊያዎች አሉ፤ ቤዝ ይባላሉ። ሦስቱን አልፎ ወደ ተነሳበት ቦታ በሰላም የተመለሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስቆጥራል። ሳይመታ፣ ተጋጣሚው ሲዘናጋ ጠብቆ ከአንዱ ቤዝ ወደ ቀጣዩ በሩጫ መድረስ «ቤዝ መስረቅ» ይባላል። ይሄኛው ስርቆት አያሳስርም፣ ያስጨበጭባል እንጂ። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳሷን የሚቀልበው ደግሞ ቀላቢ ነው። ለዛሬ ይሄ ይበቃናል።

ስታዲየሙ ባዶ እንዳይቀር

አሜሪካ በ1941 መጨረሻ ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ወጣቱ ወደ ጦር ሜዳ ተጠራ። የቤዝቦል ኮከቦቹም አልቀሩም። ቦብ ፌለር፣ ቴድ ዊሊያምስ፣ ጆ ዲማጂዮ ማልያቸውን አውልቀው የወታደር ልብስ ለበሱ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በጥር 1942 በጻፉት ደብዳቤ ሕዝቡ ከሥራው መለስ ሲል የሚዝናናበት ነገር ስለሚያስፈልገው ቤዝቦል ቢቀጥል ለአገር ይጠቅማል የሚል ሐሳብ ሰጥተው ነበር። ግን ተጫዋች ከየት ይምጣ? በየትንንሹ ከተማ የነበሩት የታችኛው እርከን ሊጎች ብዙዎቹ ተዘጉ።

እዚህ ላይ ፊሊፕ ሪግሊ የሚባል ሀብታም ብቅ ይላል። የማስቲካ ፋብሪካ ጌታ ነው፤ ቺካጎ ከብስ የሚባለው ክለብም የሱ ነበር። (ፊልሙ ውስጥ ስሙ ተቀይሮ ዋልተር ሃርቪ የሚባል የከረሜላና የቸኮሌት ከበርቴ ሆኗል።) ሪግሊ የወንዶቹ ሊግ ቢዳከም ስታዲየሞቹ ባዶ እንዳይቀሩ ሰጋ። ሴቶቹ በየፋብሪካው ገብተው አውሮፕላንና ጥይት እየሠሩ ነው፤ ታዲያ ኳሱንስ ቢሞክሩት?

በ1943 መልማዮች በአሜሪካና በካናዳ እየዞሩ በሶፍትቦል የታወቁ ሴቶችን ለቀሙ። ሶፍትቦል ማለት ኳሱ ተለቅ፣ ሜዳው ጠበብ ያለበት የቤዝቦል ዘመድ ነው። ለመጨረሻው ምርጫ ቺካጎ ከተጠሩት 280 ያህል ሴቶች 60ዎቹ አለፉ። አራት ቡድን ተቋቋመ፦ ሮክፎርድ ፒችስ፣ ሳውዝ ቤንድ ብሉ ሶክስ፣ ረሲን ቤልስ እና ኬኖሻ ኮሜትስ። ከተሞቹ ትልልቅ አይደሉም፤ ሠራተኛው ከፋብሪካ ወጥቶ ማታ ጨዋታ የሚያይባቸው መካከለኛ ከተሞች ናቸው።

ደሞዙ በሳምንት ከ45 እስከ 85 ዶላር ነበር። ለዚያ ዘመን ወጣት ሴት ቀላል ገንዘብ አይደለም። ብዙዎቹ ፋብሪካ ወይም ቢሮ ቢቀጠሩ ያን ያህል አያገኙም ነበር።

ገንዘቡ ከነቀሚሱ ነው የመጣው

ሪግሊ ተመልካቹ «ወንዳ ወንድ ሴቶች» እንዳይላቸው ፈራ። ስለዚህ መለያቸው ሱሪ አልነበረም፤ አጭር ቀሚስ ነበር። እስቲ አስቡት፦ ቤዝቦል ውስጥ ተጫዋች ቤዝ ለመያዝ መሬት ላይ ተንሸራቶ ነው የሚገባው። በባዶ ጭን፣ በአሸዋና በጠጠር ላይ! ጭናቸው ይላጥ፣ ይበልዝ ነበር። ፊልሙ ላይ አንዷ ተጫዋች ጭኗ ላይ የምታሳየው አስደንጋጭ ብልዝ በሜካፕ የተሠራ አይደለም። ተዋናይቷ ሬኔ ኮልማን በቀረጻ ላይ በእውነት የደረሰባት ጉዳት ነው።

ቀሚሱ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሥነ ምግባርና የውበት ትምህርት ይሰጣቸው ነበር፤ ለዚህም የታዋቂዋ የኮስሞቲክስ ነጋዴ የሄለና ሩቢንስታይን ድርጅት ተቀጥሮ ነበር። እንዴት እንደሚቀመጡ፣ እንዴት እንደሚራመዱ፣ ከንፈር እንዴት እንደሚቀቡ ሁሉ። ለየቡድኑ ሴት ተቆጣጣሪ ተመደበ። ፀጉር ማሳጠር ክልክል፣ አደባባይ ላይ ሱሪ መልበስ ክልክል። ደንብ የጣሰች መጀመሪያ 5 ዶላር፣ ሲደገም 10 ዶላር ትቀጣለች፤ በሦስተኛው ትታገዳለች።

ፊልሙ ይሄን በሳቅ ያሳየናል። ማርላ ሁች የምትባል ልጅ አለች። በቀኝም በግራም ኳሱን እየመታች የአዳራሹን መስኮት ታረግፈዋለች። መልማዩ ግን መልኳን ሲያይ ትቷት ሊሄድ ይነሳል። አባቷ ነው ለምኖ፣ ጓደኞቿም «ካልወሰድካት እኛም አንሄድም» ብለው ነው የምትገባው። ትስቃላችሁ። ቀልዱ ሲበርድ ግን ይቆጠቁጣል። ልጅቷ ችሎታዋን በዱላ አስመስክራለች፤ ፈታኙ ግን የሚያርመው ሌላ ወረቀት ነው።

ፊልሙ የት የት ጋ ነካክቶታል?

እኔ ታሪካዊ ፊልም ሳይ እርሳስ ይዤ ነው የምቀመጠው፤ የመምህርነት አመል ነው። ጥቂቶቹን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ቶም ሃንክስ የሚጫወተው ጂሚ ዱጋን የሚባል ሰካራም አሰልጣኝ። መነሻ ሆኗል የሚባለው ጂሚ ፎክስ የተባለ 534 ሆም ራን የመታ ትልቅ ተጫዋች ነው። («ሆም ራን» ማለት ኳሷን ከአጥር አሻግሮ ሜዳውን በነፃነት መዞር ነው።) ፎክስ ጡረታ ከወጣ በኋላ በ1952 ፎርት ዌይን ዴይዚስ የሚባለውን የሴቶች ቡድን አሰልጥኗል። የመጠጥ ችግር ነበረበት፤ ነገር ግን የሠለጠኑበት ሴቶች ጨዋና ደግ ሰው እንደነበር ነው የተናገሩት። ፊልሙ ላይ የሚጮኸው፣ አንዷን አስለቅሶ ሲያበቃ «ቤዝቦል ላይ ልቅሶ የለም» ብሎ የሚያፈጠው ሰውዬ የደራሲዎቹ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ አወራወሩ። ፊልሙ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ ወንዶቹ ከትከሻ በላይ ይወረውራሉ። በእውነቱ ግን ሊጉ ሲጀመር እንደ ሶፍትቦል ከወገብ በታች ነበር የሚወረወረው። ከትከሻ በላይ መወርወር የመጣው በ1948 ነው። ኳሷም ስትጀመር ዙሪያዋ 12 ኢንች ነበር፤ በየጊዜው እየቀነሰች ሄዳ በ1954 የወንዶቹን ኳስ አከለች። ይቺን ነጥብ ያዟት፣ እመለስባታለሁ።

ሦስተኛ፣ ፊልሙ ላይ በ1943 ለዋንጫ የሚጋጠሙት ሮክፎርድና ረሲን ናቸው። በዚያ ዓመት ረሲን ዋንጫ መውሰዱ እውነት ነው፤ ያሸነፈው ግን ኬኖሻን ነው። ረሲንና ሮክፎርድ የተናነቁት በ1946 ነው፤ ያኔም ረሲን አሸነፈ። የወሳኙን ጨዋታ ብቸኛ ነጥብ ያስቆጠረችው ሶፊ ኩሪስ ናት። ይቺ ሴት በዚያው ዓመት 201 ቤዝ ሰርቃለች። ለማነጻጸር ያህል፣ በዘመናዊው የወንዶች ትልቅ ሊግ በአንድ የውድድር ዘመን የተመዘገበው ከፍተኛ ቁጥር ሪኪ ሄንደርሰን በ1982 የሰረቀው 130 ነው። የሊጎቹ ደንብና ሜዳ ስለሚለያይ በቀጥታ አይወዳደርም። ግን 201! በቀሚስ!

«ወንዶቹ ተመለሱ፣ ሴቶቹም ወደ ቤት»?

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው።

ፊልሙ ላይ ዶቲ የምትባለው ዋና ተዋናይ ባሏ ከጦር ሜዳ ቆስሎ ሲመለስ ኳሱን ትታ ልትሄድ ትነሳለች። የሊጉ ባለቤትም ጦርነቱ ወደ ማብቃቱ ስለሆነ ሴቶቹ ከእንግዲህ አያስፈልጉም ይላል። አንዱ ሠራተኛው ይናደዳል፦ ፋብሪካ ስንፈልጋቸው ውጡ አልናቸው፣ አሁን ደግሞ ወደ ማድቤት ተመለሱ ልንል ነው? ይለዋል። ተመልካቹ ከዚህ የሚይዘው ነገር ምንድነው? «በቃ፣ ወንዶቹ ሲመለሱ ነገሩ አለቀ» የሚል ነው።

ታሪኩ ግን እንደዚያ አይደለም! ጦርነቱ ያበቃው በ1945 ነው። የሴቶቹ ሊግ ከፍተኛውን ተመልካች ያገኘው በ1948 ነው፤ ያኔ ቡድኖቹ 10 ደርሰው ነበር፣ ተመልካቹም በአንድ የውድድር ዘመን 910,000 ያህል። ወንዶቹ ተመልሰው ከመጡ ከሦስት ዓመት በኋላ ማለት እኮ ነው። ያኔ ሕዝቡ ሴቶቹን ሲያይ የነበረው ወንድ ጠፍቶ ሳይሆን ጨዋታቸውን ወዶ ነው።

ታዲያ ምን ገደለው? ብዙ ነገር ተደራረበ። ሪግሊ ቀድሞ፣ በ1944 መጨረሻ፣ ሊጉን ለማስታወቂያ ሰው ሸጦ ወጥቶ ነበር። በኋላ ክለቦቹ እያንዳንዳቸው በየባለቤታቸው መተዳደር ሲጀምሩ የጋራው ማስታወቂያና የተጫዋች ምልመላ ተዳከመ። ቴሌቪዥን በየቤቱ ገባ፤ ሰው ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ትልቁን ሊግ ማየት ቻለ። ገቢ ወረደ፣ ቡድኖች አንድ በአንድ ፈረሱ፣ በ1954 መስከረም ሁሉም አበቃ።

ሴቶቹስ ወደ ወንዶቹ ክለብ መሄድ አይችሉም ነበር ወይ? ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1952 ሃሪስበርግ ሴኔተርስ የሚባል የታችኛው ሊግ ክለብ ኤሊኖር ኤንግል የምትባል ወጣት አስፈረመ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የሊጎቹ ኃላፊዎች ውሏን ሰረዙት፤ ከዚያም አልፈው ከሴት ጋር ውል መፈራረም ክልክል ነው የሚል ውሳኔ አወጡ። አንድም ጨዋታ ሳትጫወት!

አሁን ያቺን ያስያዝኳችሁን ነጥብ እንመልስ። የሴቶቹ ኳስ ዓመት በዓመት እያነሰች፣ ሜዳው እየሰፋ፣ አወራወሩ እየተለወጠ ወደ ወንዶቹ ጨዋታ ተጠጋ። ኳሷ ከወንዶቹ ኳስ ጋር እኩል የሆነችው በ1954 ነው። ሊጉ የተዘጋውም በ1954 ነው። እኩል ሆነው በደረሱበት ዓመት መድረሻው ጠፋ።

ሠላሳ ዓመት ዝምታ

ከዚያ በኋላ ሴቶቹ አስተማሪ፣ ነርስ፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ እናት ሆኑ። ብዙዎቹ ስለ ድሮው አያወሩም ነበር፤ ቢያወሩም የሚያምናቸው ሰው አልነበረም። «ቤዝቦል ተጫዋች ነበርኩ» ስትል ሰው «ሶፍትቦል ማለትሽ ነው?» ይላታል። ስንት ጊዜ ታስረዳ? ዝም ማለት ይሻላል።

ዝምታውን የሰበሩት ራሳቸው ናቸው። እየተጻጻፉ፣ አድራሻ እያፈላለጉ በ1982 ቺካጎ ላይ ተገናኙ። ከመካከላቸው ሄለን ካላሃን የምትባል ካናዳዊት ነበረች፤ በ1945 በሊጉ በመምታት አንደኛ የወጣች። እህቷ ማርጋሬትም ተጫዋች ነበረች። የሄለን ልጅ ኬሲ ካንዴሌ ትልቁ ሊግ ውስጥ ገብቶ ተጫውቷል፤ ኳሱን ከእናቱ ወረሰ ማለት ነው። ሌላው ልጇ ኬሊ ደግሞ ከባልደረባው ከኪም ዊልሰን ጋር በ1987 ስለ እናቱ ሊግ ዶክመንታሪ ሠራ። በ1988 ኩፐርስታውን ያለው የቤዝቦል ዝነኞች ሙዚየም ስለ ሴቶቹ ቋሚ ማሳያ ከፈተ። ፔኒ ማርሻል ዶክመንታሪውን አይታ ነው ወደ ፊልሙ የገባችው። የፊልሙ መዝጊያም እዚያው ሙዚየም ውስጥ ነው፤ መጨረሻ ላይ ሜዳ ውስጥ ሲጫወቱ የምታዩዋቸው አረጋውያን የእውነተኛው ሊግ ተጫዋቾች ናቸው።

አስተውሉ፤ ታሪኩን ያተረፈው መጀመሪያ መጽሐፍ አይደለም። እናቱን የጠየቀ ልጅ ነው። ከዚያ ኮሜዲው በዓለም ዙሪያ አዳረሰው። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ በ2012 ደግሞ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ መጠበቅ አለባቸው ብሎ ከሚመዘግባቸው ፊልሞች መዝገብ ገባ። ቁምነገር እያዋዙ ሲነግሩት ሰው ይሰማል። በሌላ መንገድ ቢመጣ የማያየው ሰው ሁሉ ሊስቅ ገብቶ ታሪክ ይዞ ወጣ።

ኳሷን የመለሰችው ሴት

አሁን በር ላይ ወደ ቀረችው ልሂድ።

ፊልሙ ላይ አንዲት በጣም አጭር ትዕይንት አለች፤ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አትሞላም። ልምምድ ላይ ኳስ ሾልካ ትሄዳለች። ከሜዳው ዳር ካሉት ጥቁር ተመልካቾች አንዷ ሴት ታነሳታለች። ዶቲ እንድትወረውርላት እጇን ትዘረጋለች። ሴትዮዋ ግን ከዶቲ አሳልፋ ራቅ ብላ ለቆመችው ተጫዋች ትወረውራለች። ኳሷ እንደ ጥይት ሄዳ ተቀባይዋን እጇን ታሳምማታለች። ዶቲ በአድናቆት ታያታለች፣ ሴትዮዋ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ትመለሳለች። አለቀ። ስም የላትም፣ ንግግር የላትም።

ይቺ ትዕይንት ትልቅ እውነት ይዛለች። የሴቶቹ ሊግ በ12 ዓመቱ ውስጥ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አላሰለፈም። ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 የወንዶቹን ሊግ የቀለም አጥር ከጣሰ በኋላ እንኳ! በዚያው በ1947 ሊጉ ለዝግጅት ሃቫና ሄዶ ነበር፤ ከዚያም ቆዳቸው ነጣ ያሉ ኩባውያን ሴቶችን ተቀብሏል። ጥቁር አሜሪካውያንን ግን አልተቀበለም።

ሜሚ ጆንሰን ገና ልጅ እግር ሳለች ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ላይ ሊጉ ምልመላ ሲያደርግ ከጓደኛዋ ጋር ሄዳ ነበር። ሳይፈትኗት መለሷት። እሷ ግን ቤቷ አልገባችም። ከ1953 እስከ 1955 ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ በሚባለው የጥቁሮች ሊግ ክለብ ውስጥ ለወንዶች ኳስ ወረወረች። ቁመቷ አጭር ስለነበር «ኦቾሎኒ» ብለው ይጠሯታል። በዚያው ክለብ ከሷ ቀደም ብላ የገባችው ቶኒ ስቶን ናት፤ ሃንክ አሮን ከአንድ ዓመት በፊት የተጫወተበት ክለብ ማለት ነው። በ1954 ደግሞ ኮኒ ሞርጋን ተጨመረች። ሦስቱም ከወንዶች ጋር፣ በሱሪ፣ በትክክለኛው ኳስ ተጫወቱ። ሜሚ በኋላ ለብዙ ዓመት ነርስ ሆና ሠራች። በስተርጅናዋ ስትናገር ያኔ ባይቀበሏት ይሻላት እንደነበር፣ እንደውም ደስ እንዳላት ትገልጽ ነበር። በ2017 ነው ያረፈችው።

በጎ ጎኑን ልይ ካልኩ፣ ፔኒ ማርሻል ያቺን ትዕይንት ባታስገባ ኖሮ ብዙ ሰው ጥያቄው ራሱ አይመጣለትም ነበር። በሌላ በኩል ግን ከሁለት ሰዓት በላይ በሆነ ፊልም ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ነው። የተረሱትን ሊያስታውስ የመጣ ፊልም እንኳ ይበልጥ ለተረሱት የሰጠው ቦታ ይቺው ናት።

እና ምን እንያዝ?

ክፍል ውስጥ ብሆን ሰሌዳው ላይ ሦስት ጥያቄ እጽፍ ነበር። ስለ ጦርነት ዘመን የሚያወራ ማንኛውም ፊልም ስታዩ ጠይቁ፦ ማን ተጠራ? ማን ተሰናበተ? ጭራሽ ያልተጠራውስ ማነው? አብዛኛው ፊልም የመጀመሪያውን ብቻ ይመልሳል። ይሄኛው ሁለተኛውን በደንብ፣ ሦስተኛውን በጨረፍታ ይመልሳል። ለኮሜዲ ትንሽ አይደለም።

ሌላው ደግሞ፣ ሰው በችግር ቀን ሲጠራ «እስኪመለሱ ድረስ» ተብሎ ነው የሚጠራው። ችሎታው ከታየ በኋላ ግን «ለጊዜው ነበር» የሚለው ቃል ውሸት ይሆናል። 910,000 ተመልካች ለጊዜያዊ ምትክ አይሰለፍም።

እንግዲህ የቤት ሥራችሁ ሁለት ነው። አንደኛው ቀላል ነው፤ ፊልሙን ያያችሁ አስተያየት ላይ ጻፉልኝ፦ መጨረሻ ላይ ዶቲ ኳሷን የጣለችው ለእህቷ ብላ ሆን ብላ ነው ወይስ አምልጧት? (ያላያችሁ ይቅርታ፣ ዘረገፍኩት!) ሁለተኛው ለራሳችሁ ነው። እናታችሁን፣ አክስታችሁን፣ አያታችሁን «ከኛ በፊት ምን ትሠሩ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ጻፉት። ኬሊ ባይጠይቅ ኖሮ እኛም ዛሬ ይሄን አናወራም ነበር።

መልካም ሰንበት!